ሽማግሌ በእርጅናው ወዴት ይኑር?

1. ጦረ የሚለው ቃል

ልጆች ሆይ፥ በአማርኛ ቋንቋ «ጦረ» የሚባል ቃል አለ። ጦረ ማለት አባቱን ወይም እናቱን በእርጅና ጊዜ መገበ፥ አለበሰ፥ ደገፈ ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ጧሪ ይባላል። የሚደረግለትም ሰው ተጧሪ ይባላል። ከዚህም ቃል ጡረታ የሚለው ቃል ወጣ።

ሰው ሰውን ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። በዚህ ምርቃት ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፥ በሕይወት ሳሉ የሚረዳ ሰው ማግኘት ነው። ሁለተኛው፥ በሞት ጊዜ በክብር የሚቀብር ሰው ማግኘት ነው። አባቶች እነዚህን ሁለቱን አጣምረው የተናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በእርጅናው የሚፈራው ረሀብን ብቻ አይደለምና፤ ብቻውን መቅረትንም ይፈራል።

በዛሬው ጊዜ ጡረታ የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም ጨምሯል። ሠራተኛ ዕድሜው ሲደርስ ሥራውን ትቶ በየወሩ የሚቀበለው ገንዘብም ጡረታ ይባላል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ በ1953 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ታወጀ። በ2003 ዓ.ም. በግል ድርጅት ለሚሠሩ ሰዎችም የጡረታ አዋጅ ወጣላቸው። የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ገንዘብ የሚጠራቀመው እንዲህ ነው። ደመወዙ 100 ብር ቢሆን 7 ብር ከእርሱ ይቆረጣል፤ አሠሪውም 11 ብር ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ 18 ብር ይሆናሉ።

ይህ ሥርዓት መልካም ነው። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ይዞ ያስተማረ መምህር በሸመገለ ጊዜ እጁን ለልመና እንዳይዘረጋ ይረዳዋል። ገንዘቡም በባንክ ስለሚከፈል በቁይም ቢኖር በአዲስ አበባም ቢኖር ያገኘዋል። ነገር ግን ገንዘብ እንጀራ ይገዛል እንጂ በሌሊት ተነሥቶ ውኃ አያቀብልም። መድኃኒት ይገዛል እንጂ «እንዴት አደሩ?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ የሸመገለ ሰው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ በኖረበት አገር ይቆይ? ወይስ ልጆቹ ወዳሉበት ይሂድ?

2. ሽማግሌ በአገሩ ያለው ሀብት

ቁይ በምሥራቅ ጎጃም የምትገኝ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ የሽማግሌ ሀብት በከብት ቍጥርና በእህል ብዛት ብቻ አይለካም። በዓይን የማይታይ ሌላ ሀብት አለው።

አንደኛው ሀብት ጎረቤት ነው። በአንድ ሰፈር አርባ ዓመት የኖረ ሰው ሳሉ እንኳ ይታወቃል። ጠዋት ከቤቱ ጭስ ሳይወጣ ከረፈደ ጎረቤት መጥቶ በሩን ያንኳኳል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሀብት እድርና ማኅበር ነው። የእድር አባል በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል። በቤቱ ሞት ሲደርስ እድርተኞቹ ድንኳን ይተክላሉ፤ ቀብሩን ያስፈጽማሉ፤ ኀዘንተኛውን ያጽናናሉ። ይህ ማኅበርተኛነት በአንድ ቀን አይገኝም። በሌላው ሰው ኀዘን ብዙ ጊዜ በመቆም ይገኛል።

ሦስተኛው ሀብት ክብር ነው። ሁለት ሰዎች በድንበር ሲጣሉ፥ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፥ «እገሌ ይምጣና ያስታርቀን» ይላሉ። ሽማግሌው አካሉ ቢደክምም ቃሉ ገና ይሠራል። ሥራ ያለው ሽማግሌ ቶሎ አይጎብጥም።

አራተኛው መሬት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይናገራል። ስለዚህ ገበሬ የሆነ ሽማግሌ አገሩን ለቅቆ ሲሄድ መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን በከረጢት ይዞ ሊሄድ አይችልም። እርሻውን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ወይም ለልጁ ትቶ ይሄዳል እንጂ።

እንግዲህ አስተውሉ። እነዚህ አራቱ ሀብቶች በመኪና አይጫኑም። ሽማግሌው አገሩን ሲለቅ ብዙዎቹ በኋላው ይቀራሉ።

ነገር ግን ልጆች ከአገራቸው ይወጣሉ። አንዱ ቀድሞ መንቆረር ትባል ወደ ነበረችው ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል። አንዱ ወደ ባሕር ዳር፥ አንዱም ከዚያ አልፎ ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል። ወደ አዲስ አበባ የሄደውም ልጅ ሩቅ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ የዓባይን በረሃ አቋርጦ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። አባት በድንገት ቢታመም ይህን ሁሉ መንገድ ተጕዞ በሰዓቱ መድረስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የልጁም ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነው።

3. የሄደውና የቀረው

ይህ ጥያቄ ዛሬ የተወለደ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሁለት ሽማግሌዎች ይኸው ጥያቄ ገጥሟቸው ነበር። አንደኛው ሄደ፤ ሁለተኛው ቀረ።

የሄደው ያዕቆብ ነው። ታሪኩ በኦሪት ዘፍጥረት ይገኛል። ልጁ ዮሴፍ በግብፅ አገር ትልቅ ሹም ሆኖ ሳለ በከነዓን ረሀብ ጸና። ዮሴፍም ለአባቱ ሠረገላና ስንቅ ላከ፤ ወደ እርሱ እንዲመጣም ለመነው። ያዕቆብ በመጀመሪያ ወሬውን አላመነም። ሠረገላዎቹን ባየ ጊዜ ግን መንፈሱ ታደሰ፤ ሳይሞትም ልጁን ለማየት ቈረጠ። በመንገድ ግን ስጋት ነበረበት፤ በቤርሳቤህ ቆሞ መሥዋዕት አቀረበ። ወደ ግብፅ በደረሰ ጊዜ ዕድሜው 130 ዓመት ነበረ።

የዮሴፍን ብልሃት ተመልከቱ። አባቱን በቤተ መንግሥት አዳራሽ ውስጥ አላስቀመጠውም። ያዕቆብና ቤተ ሰቡ ከብት አርቢዎች ነበሩ፤ ስለዚህ ዮሴፍ ለከብት የሚስማማውን የጌሤምን ምድር አሰጣቸው። ሽማግሌው ከልጁ ሳይርቅ የለመደውን ኑሮ ኖረ። በዚያም 17 ዓመት ተቀመጠ፤ በ147 ዓመቱም ሞተ። ከመሞቱ አስቀድሞ ከአባቶቹ ጋር እንዲቀብረው ዮሴፍን አስማለው፤ ዮሴፍም አስከሬኑን ወደ ከነዓን ወስዶ ቀበረው። ያዕቆብ መኖሪያውን ለወጠ እንጂ የመቃብሩን ስፍራ አልለወጠም።

የቀረው ቤርዜሊ ነው። ታሪኩ በሁለተኛው የሳሙኤል መጽሐፍ ይገኛል። ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ በመሃናይም ሳለ፥ የገለዓድ ሰው የሆነው ባለጠጋው ቤርዜሊ ከሌሎች ጋር ሆኖ መኝታና ምግብ አመጣለት። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ቤርዜሊ እስከ ዮርዳኖስ ወንዝ ሸኘው። ያን ጊዜ ዕድሜው 80 ዓመት ነበረ። ዳዊትም ውለታውን አስቦ ከእርሱ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም እንዲሄድና በዚያ እንዲጦረው ጠየቀው።

ቤርዜሊ ግን አልሄደም። ያረጀ ሰው ስለ ሆነ የምግብ ጣዕምና የዘፋኞች ድምፅ ከእንግዲህ ደስ እንደማያሰኘው ተናገረ። በንጉሡም ላይ ሸክም መሆን አልፈለገም። በከተማው፥ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ መሞትን መረጠ። ነገር ግን የንጉሡን ፍቅር ባዶ እጁን አልመለሰውም፤ በእርሱ ፈንታ ከመዓም የሚባለውን ሰው ሰጠው። ንጉሡም አልተቈጣም። ሽማግሌውን ስሞ መረቀው፤ ከመዓምንም ይዞ ሄደ።

ከሁለቱ ሽማግሌዎች የተሳሳተው ማን ነው? ማንም አልተሳሳተም። ያዕቆብ በአገሩ ረሀብ ነበረበት፤ ቤርዜሊ ግን በአገሩ ሁሉ ነገር ነበረው። ያዕቆብን የጠራው የናፈቀው ልጁ ነው፤ ቤርዜሊን የጠራው ግን ወዳጁ ንጉሥ ነው። ስለዚህ ለአንዱ የሚገባው መልስ ለሌላው አይገባም። በአንድ ነገር ግን ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም በልመና ተጠየቁ እንጂ በግድ አልተወሰዱም። ሁለቱም ራሳቸው መለሱ።

4. የአንድ መምህር ምሳሌ

ነገሩ በቅርብ እንዲታይ አንድ ምሳሌ እነሆ። በቁይ ከተማ ለብዙ ዘመን ያስተማሩ፥ ጡረታም የወጡ አንድ መምህር አሉ እንበል። ባለቤታቸው ሞተዋል። ሦስት ልጆች አሏቸው። ታላቂቱ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ናት። ሁለተኛው በደብረ ማርቆስ አናጢ ነው። ታናሹ በመተማ ቆላ ይነግዳል።

በአንድ ክረምት መምህሩ ከጓሮ እንጨት ሊያመጡ ወጥተው በጭቃው አዳለጣቸውና ወደቁ። መነሣትም አቃታቸው። ጎረቤት እስኪያገኛቸው ድረስ በዝናብ ላይ ቆዩ። ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው፤ እጃቸውም ታሰረላቸው። ልጆቹ በሰሙ ጊዜ ሁሉም መጡ።

ታላቂቱ ልጅ ከገባችበት ሰዓት ጀምራ የቤቱን ዕቃ ታስር ጀመር። «አባባ፥ ከእንግዲህ ብቻዎን አይኖሩም። ነገ ይዤዎት እሄዳለሁ» አለቻቸው። ለቤቱም ተከራይ እንዲፈለግ ለጎረቤት ነገረች።

መምህሩ ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልጄ፥ እኔ ዕቃ አይደለሁም። አስቀድመሽ ጠይቂኝ፤ እኔም አስቤ እመልስልሻለሁ» አሏት።

ልጂቱ አለቀሰች። «አባባ፥ እርስዎ በጓሮ ወድቀው የቆዩበትን ሰዓት እያሰብሁ እንቅልፍ አጣሁ። ስልክ በጮኸ ቍጥር እደነግጣለሁ። እርስዎ እዚህ ሲቀሩ እኔም በዚያ በሰላም አልኖርም» አለች።

መምህሩ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ተነካ። እስከዚያ ቀን ድረስ መቅረታቸው የራሳቸው ጉዳይ ብቻ ይመስላቸው ነበር። አሁን ግን የልጃቸውም ሸክም እንደ ሆነ አወቁ። ስለዚህ እንቢም እሺም አላሉም። «አስቀድሜ ልሞክረው። ከጥር እስከ መጋቢት ካንቺ ዘንድ ልቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ እንወስናለን» አሏት። የታሰረውም ዕቃ ተፈታ።

ጥር በገባ ጊዜ መምህሩ የቤታቸውን ቍልፍ ለጎረቤት ሰጡ። የሦስት ወር የእድር ገንዘብ አስቀድመው ከፈሉ። ላማቸውን አልሸጧትም፤ ጎረቤት ወተቷን እየጠጣ እንዲጠብቃት ሰጡ። ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ።

በአዲስ አበባ ያገኙት ነገር መልካምም ክፉም ነበረ። ዓይናቸውን የዓይን ሞራ ጋርዶት ኖሮ ልጃቸው ወደ ሐኪም ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙም ሞራውን አወጣላቸው፤ ፊደልም እንደ ገና ለዩ። ማታ ማታ የልጅ ልጆቻቸው መጽሐፍ ያነቡላቸዋል፤ እርሳቸውም ያርሟቸዋል። ያን ጊዜ ደስታቸው ብዙ ነው። ቀኑ ግን ይረዝማል። የልጃቸው ቤት በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ወርደው ለመውጣት ጕልበታቸው አይችልም። ልጂቱ በማለዳ ወጥታ በምሽት ትመለሳለች፤ ልጆቹም ተማሪ ቤት ይውላሉ። መምህሩ በመስኮት መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። ከታች የሚያልፈው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ቀና ብሎ «የኔታ፥ እንዴት ዋሉ?» የሚላቸው ግን የለም።

ታናሹም ልጅ፥ «ወደ መተማ ይምጡ፤ የእኔ ቤት መሬት ላይ ነው፤ ደረጃ የለውም» ብሎ ላከባቸው። መምህሩ ግን ወደዚያ አልሄዱም። ወባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ እምብዛም አትገኝም፤ በቆላ ግን ብዙ ናት። ዕድሜውን በደጋ የኖረ ሰው አካሉ ወባን አልለመደም። በስተርጅና ወደ ቆላ ቢወርድ በሽታው ይጸናበታል። ልጁም ይህን ሲነግሩት አልተቀየመም።

መጋቢት ካለፈ በኋላ መምህሩ ወደ ቁይ ተመለሱ። ለፋሲካም ሦስቱን ልጆቻቸውን ጠሩ። ሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎችንም አስቀመጡ። ከዚያም እንዲህ አሉ፤

«በእግሬ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እስክመለስ ድረስ በቁይ እኖራለሁ። ነገር ግን ብቻዬን አልኖርም። የደብረ ማርቆሱ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ካንተ ጋር ልኑር ብሎ ራሱ ጠይቆኛል። ከዚሁ ተማሪ ቤት ገብቶ ይማር። በእኔ ምክንያት አንድ ቀን ትምህርት ቢቀርበት ግን ወደ አባቱ እመልሰዋለሁ። በየዓመቱ ከጥር እስከ መጋቢት አዲስ አበባ ከታላቂቱ ልጄ ዘንድ እሰነብታለሁ። እግሬ የከዳኝ ቀን ወደ ደብረ ማርቆስ እሄዳለሁ። እዚያ ሆስፒታል አለ፤ የልጄም ግቢ ደረጃ የለውም፤ በግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ትሠራልኝ። ያን ቀን ምናልባት በእልኽ እንቢ እል ይሆናል። እናንተ ግን የዛሬውን ቃሌን ያዙ፤ ዛሬ የምናገረው በሙሉ ልቤ ነው። ስሞት በቁይ በእናታችሁ አጠገብ ቅበሩኝ።»

ይህም ቃል በወረቀት ተጻፈ፤ ሽማግሌዎቹም ፈረሙ። ሁሉም የወደደውን በሙሉ አላገኘም። ታላቂቱ ልጅ አባቷ ሁልጊዜ አጠገቧ እንዲሆኑ ትወድ ነበር፤ ዛሬም ስልክ ሲጮኽ ልቧ ይሰጋል። መምህሩም አንድ ቀን ቤታቸውን ዘግተው እንደሚሄዱ ያውቃሉ፤ ይህም ያሳዝናቸዋል። ነገር ግን ማንም አልተገደደም፤ ማንም አልተጣለም።

5. ከሁለቱም ወገን የሚገኝ ጥፋት

በዚህ ነገር ልጆች የሚያጠፉት ጥፋት አለ። አንዳንዱ ልጅ «አባቱን ጣለ» እንዳይባል ብቻ አባቱን ወደ ቤቱ ያመጣል፤ ካመጣው በኋላ ግን አያነጋግረውም። አንዳንዱ እናቱን የሚያመጣት ሞግዚትና የቤት ጠባቂ ፈልጎ ነው፤ ለሰው ግን «እናቴን እጦራለሁ» ይላል። አንዳንዱም አባቱ ሳይፈቅድ ከብቱንና ቤቱን ይሸጣል። ሽማግሌው በከተማ መኖር ቢያቅተው የሚመለስበት ቤት አይኖረውም። ይህ በፍቅር ስም የሚደረግ ግፍ ነው።

ወላጆችም የሚያጠፉት ጥፋት አለ። አንዳንዱ ሽማግሌ ሕመሙን ይደብቃል፤ ልጆቹ የሚሰሙት ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ልጁ ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳል። ልጁ ሥራውን ከተወ ግን በምን ይጦረዋል? አንዳንዱም ሁሉን ነገር በልቡ ይዞ፥ ሳይናገር፥ ልጆቹ አልተረዱልኝም ብሎ ያዝናል። ያልተነገረ ፈቃድ እንዴት ይፈጸማል?

ወላጅን መጦር የፍቅር ሥራ ብቻ አይደለም፤ ግዴታም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ከዚያም በኋላ የወጡት የቤተ ሰብ ሕጎች፥ ልጅ የተቸገሩ ወላጆቹን እንዲቀልብ ያዛሉ። ነገር ግን ዳኛ ቀለብ ሊያስቈርጥ ይችላል እንጂ ጨዋታና ናፍቆት ሊያስቈርጥ አይችልም። ያ ከልብ ይወጣል።

ልጅ የሌለው ሽማግሌም አለ። ልጆቹ ሞተውበት ወይም ጠፍተውበት የቀረም አለ። እንዲህ ላለው ሰው ጎረቤቱና ማኅበሩ ልጅ ሊሆኑለት ይገባል። በአዲስ አበባ በአቶ ቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የሚባለው መርጃ በየመንገዱ የወደቁ አረጋውያንን ሰብስቦ ይረዳል። ይህም ጧሪነት በሥጋ ልጅነት ብቻ እንደማይወሰን ያሳያል።

6. ምክር

እንግዲህ ይህን የሚያስብ ቤተ ሰብ እነዚህን አምስት ነገሮች ይጠብቅ።

አንደኛ፥ ምክሩ ሽማግሌው ገና በብርታት ሳለ ይደረግ። ከአልጋ ከዋለ በኋላ ሌሎች ይወስኑለታል።

ሁለተኛ፥ ልጅ ይጠይቅ እንጂ አይዘዝ። ሽማግሌውም ልጁ የሚናገረውን ስጋት ይስማ፤ ፍርሃቱን አይናቅበት።

ሦስተኛ፥ ከመሄድ በፊት ይሞከር። በሙከራው ጊዜ ቤት አይሸጥ፤ ከብት አይበተን፤ እድር አይቋረጥ። የተነቀለ ተክል ወደ ጕድጓዱ ቢመለስ እንኳ እንደ ቀድሞው አይጸድቅም።

አራተኛ፥ የሚሄድበት ቦታ ይመርመር። ደጋ ነው ወይስ ቆላ? ቤቱ ደረጃ አለውን? ሐኪም ቅርብ ነውን? ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ይደረሳልን? የጡረታው ገንዘብ ለዚያ አገር ኑሮ ይበቃልን? ቀን ቀን ከማን ጋር ይውላል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል።

አምስተኛ፥ የተወሰነው ነገር በሽማግሌዎች ፊት ይነገር፤ ይጻፍም። እንዲህ ከሆነ በኋላ በወንድማማች መካከል ጠብ አይነሣም።

ልጆች ሆይ፥ እናንተ ገና ታናናሾች ስለ ሆናችሁ ይህ ነገር የማይመለከታችሁ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን ይመለከታችኋል። በቤታችሁ አያት ካሉ የምትጦሩት በገንዘብ አይደለም። ውኃ ስታቀብሉ፥ እጃቸውን ይዛችሁ ስታሻግሩ፥ የተማራችሁትን ስታነቡላቸው ጧሪ ሆናችኋል። አያታችሁ ሩቅ አገር ካሉም ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ በስልክም ድምፃችሁን አሰሟቸው። ሽማግሌ ከልጆቹ አጠገብ ተቀምጦ ብቸኛ ሊሆን ይችላል፤ ከልጆቹም ርቆ ሳለ እንደሚታሰብ አውቆ በደስታ ሊያድር ይችላል።

ጥያቄ

1. ጧሪ ማለት ምን ማለት ነው? ተጧሪስ?
2. ሽማግሌ በአገሩ ያሉት አራት ሀብቶች ምን ምን ናቸው?
3. ያዕቆብ ለምን ሄደ? ቤርዜሊ ለምን ቀረ?
4. ዮሴፍ ለአባቱ የጌሤምን ምድር ያሰጠው ስለ ምንድር ነው?
5. መምህሩ ልጃቸውን «እኔ ዕቃ አይደለሁም» ያሏት ለምንድር ነው?
6. የልጂቱ ልቅሶ የመምህሩን አሳብ እንዴት ለወጠ?
7. እናንተ የመምህሩ የልጅ ልጅ ብትሆኑ በየቀኑ ምን ታደርጉላቸው ነበር?